ማጣበቂያ ሞለኪውሎችን በሰዓት ሳጠናቸው

እንዴት ከረማችሁ። ደብረ ማርቆስ ሆኜ የአፍንጫና የሳይነስ ብግነትን እያጠናሁ ነው፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ርዕሱ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ወደ ሥጋ እንዲወጡ የሚያደርጉት ማጣበቂያ ሞለኪውሎች ናቸው። ይህን ርዕስ ስም በመሸምደድ የጀመረ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ሴሌክቲን፣ ኢንተግሪን፣ አይካም፣ ቪካም የሚባሉትን የሞለኪውሎቹን ስሞች እየቆጠረ አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። እኔን የጠቀመኝ ሰዓቱን መከተል ነው።

በታኅሣሥ ጤፍ ሲወቃ፣ የአውድማው ብናኝ አለርጂ የሚቀሰቅስበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያስነጥሰዋል፣ ንፍጡም ይወርዳል። ይሄ በዋናነት ሂስታሚን የተባለው፣ በአለርጂ ጊዜ ከሴሎች የሚለቀቀው ኬሚካል ሥራ ነው። ከሰዓታት በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ ሳለ፣ አፍንጫው እንደገና ጥርቅም ሊል ይችላል። ሂስታሚን በደም ሥሩ ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ፒ-ሴሌክቲን ወዲያው ወደ ላይ ያወጣዋል። ኢ-ሴሌክቲንና ቪካም-1 ግን አዲስ መመረት አለባቸው፤ አይካም-1ም ቢሆን በብዛት የሚወጣው ተመርቶ ነው። ለዚህ ሰዓታት ያስፈልጋሉ።

ነጩ የደም ሴል ከሚሮጥ ባጃጅ መውረድ እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ፍጥነቱ መቀነስ አለበት። ሴሌክቲኖች ግድግዳው ላይ እያንከባለሉ ያዘገዩታል። ኬሞካይን የተባለው ሴል ጠሪ ኬሚካል በነጩ ሴል ላይ ያለውን ኢንተግሪን ሲያነቃው፣ ኢንተግሪኑ ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 ወይም ቪካም-1 ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ነጩ ሴል በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣል።

ሁሉም ሴል ግን እኩል አይወጣም፤ ለእኔ የርዕሱ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። በአለርጂ ጊዜ የሚበዛው ነጭ የደም ሴል ኢዮሲኖፊል ቪካም-1ን የሚይዝ ቪኤልኤ-4 የተባለ ኢንተግሪን አለው፤ ሌላው ነጭ የደም ሴል ኒውትሮፊል ግን ይህ ኢንተግሪን እምብዛም የለውም። ቪካም-1ን የሚያበዙት ደግሞ የአለርጂ መልእክተኞች የሆኑት ኢንተርሉኪን-4 እና 13 ናቸው። ስለዚህ እነሱ በነገሡበት አፍንጫ ኢዮሲኖፊል ይከማቻል፤ ብዙ የሳይነስ ፖሊፖች (በሳይነሱ ሽፋን ላይ የሚያድጉ እባጮች) በኢዮሲኖፊል የሚሞሉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሆኖ ያገኘሁት ዱፒሉማብ ነው። መድኃኒቱ የሁለቱንም ኢንተርሉኪኖች መልእክት ይዘጋል፤ ከ2019 ጀምሮ ፖሊፕ ላለበት ሥር የሰደደ የሳይነስ ብግነትም አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። አንዳንድ ታካሚዎች ሲጀምሩት በደማቸው ውስጥ ያለው ኢዮሲኖፊል ለጊዜው ይጨምራል። ላቦራቶሪ የምትሠሩ ልብ በሉ፦ ማብራሪያው ሴሎቹ ከደም ወደ ሥጋ መውጫ አጥተው መቆየታቸው ነው የሚል ነው። በአፍንጫ የሚረጨው ስቴሮይድም እነዚህን ሞለኪውሎች ይቀንሳል፤ በየቀኑ ካልተረጨ ግን ውጤቱን መጠበቅ የዋህነት ነው።

አይካም-1 ሌላም ጉድ አለው። አብዛኞቹ የጉንፋን ራይኖቫይረሶች ወደ አፍንጫ ሴል የሚገቡት እሱን ይዘው ነው፤ ይህ የታወቀው በ1989 ነው። አለርጂ ደግሞ በአፍንጫው ሽፋን ላይ አይካም-1ን ያበዛዋል።

አሁን የጀመርኩት የሲዲ18 (አይካም-1ን የሚይዙት ኢንተግሪኖች አንዱ ክፍል) ጉድለት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናት ማንበብ ነው። ደማቸው በኒውትሮፊል ተሞልቶ ሳለ ቁስላቸው መግል አይዝም።