ቁጣ ለገበያ ሲቀርብ፦ «ኔትወርክ»ን ካየሁ በኋላ

ሰሞኑን ፓዲ ቻየፍስኪ የጻፈውንና ሲድኒ ሉሜት ያዘጋጀውን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃውን «ኔትወርክ» የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም አየሁ። ዩ.ቢ.ኤስ. በተባለ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሠራው አንጋፋ ዜና አንባቢ ሃዋርድ ቢል፣ ተመልካቹ ስለሸሸው ከሥራ እንደሚሰናበት ይነገረዋል፤ በማግስቱም በቀጥታ ስርጭት ላይ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ፕሮግራም ራሱን እንደሚያጠፋ ለሕዝብ ያውጃል። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያሉት ባልደረቦቹ ወሬ ይዘው ስለነበር፣ የተናገረው ነገር ጆሯቸው ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል።

ፊልሙ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው፣ ቢል ከፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ በዝናብ በስብሶ ስቱዲዮ ከገባ በኋላ ተመልካቾቹን በየመስኮታቸው ብቅ ብለው ንዴታቸውን እንዲጮኹ የሚያዝበት ትዕይንት ነው። ቢልን የሚጫወተው ፒተር ፊንች በእርግጥም ድንቅ ነው፤ ኦስካር የተሸለመውም ካረፈ በኋላ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን በዚያው ሰዓት ቢሮ ውስጥ የሚሆነው ነው። ፌይ ዳናዌይ የምትጫወታት የፕሮግራም ኃላፊ ዳያና ስልክ የያዘውን ባልደረባዋን፣ በአትላንታም ሰዎች ይጮኹ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰዎቹ ምን እንዳናደዳቸው ለማወቅ የሚፈልግ የለም፤ የሚፈለገው የጯሂዎቹ ብዛት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳቀኝ የውል ድርድሩ ነው። ጣቢያው የታጣቂ አብዮተኞችን ዘረፋ ሳምንታዊ ድራማ ሊያደርገው ሲነሣ፣ ካፒታሊዝምን እንገረስሳለን ሲሉ የነበሩት ሰዎች ከጠበቆች ጋር ተቀምጠው ስለ ስርጭት ወጪ እስኪጯጯሁ ድረስ ይከራከራሉ፤ መሪያቸውም ስብሰባውን ጸጥ ለማሰኘት ሽጉጥ ይተኩሳል።

የካሜራ ባለሙያው ኦወን ሮይዝማንና ሉሜት መጀመሪያ ላይ የተፈጥሮ የሚመስለውን ብርሃን ደረጃ በደረጃ ወደ ማስታወቂያ ብርሃን ለውጠውታል፤ ሳይታወቀን ፊልሙ ራሱ የሚነቅፈውን ነገር ይመስላል። ድክመት የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ በዳያናና በዜና ክፍል ኃላፊው በማክስ መካከል ያለው ፍቅር ሰው ሠራሽ ሆኖብኛል፤ ሁለቱም የሚናገሩት በቻየፍስኪ አፍ ነው። በአንጻሩ የማክስን ሚስት ሆና የተጫወተችው ቢያትሪስ ስትሬት፣ በአምስት ደቂቃ ያህል ትወና ብቻ ኦስካር ወስዳለች፤ ይገባታልም።

(ፊልሙን ያላያችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ዝለሉት።) የጣቢያው ባለቤት የሆነው ኩባንያ የበላይ አለቃ ጄንሰን፣ ዓለም የኩባንያዎች እንጂ የአገሮች እንዳልሆነች ለቢል ከሰበከው በኋላ፣ ቢል ይህንኑ ለሕዝብ ማስተማር ይጀምራል፤ ተመልካቹም ተስፋ አስቆራጩን ትምህርት ትቶ ይሄዳል። ጄንሰን ደግሞ ስብከቱን ስለወደደው ቢል ከአየር ላይ እንዳይወርድ ያዛል። ኃላፊዎቹ ሊያባርሩት ስላልቻሉ በካሜራ ፊት ሊያስገድሉት ይወስናሉ፤ በዚያ ስብሰባ አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ የሚወያዩት ስለ ፕሮግራም ሰዓት ለውጥ ይመስላል።