ከስድስት እስከ ዘጠኝ

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘጋሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሳልዘጋ ነው የቆየሁት።

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው፣ ይሄ ምኑ ይጻፋል ሊል ይችላል። እኛ ጋ ግን ቀኑ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠዋት በጊዜ ይከፈታል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይዘጋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከተማው እንደገና ይነሳል። መሃሉ ላይ የከዚራ ሰፈር ጭር ይላል። ከዛፎቹ ሥር ባጃጁን አቁሞ፣ እግሩን ወደ ውጪ ዘርግቶ የተኛ ሹፌር ታያላችሁ፣ ሌላ ሰው ብዙም የለም። ሙቀቱ ነው ያስተማረን። ግንቦትና ሰኔ ላይ በእኩለ ቀን ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው።

እኔ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ አሳይመንት። መጋቢት ላይ ኪራይ ሲጨመርብኝ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በቀን ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ ይባክናል፣ ሌላው ሲዘጋ እኔ ብከፍት የሰዓቱ ደንበኛ ሁሉ የኔ ነው አልኩ። እና ከፈትኩ። ገንዘቡ መጥቷል፣ አልዋሽም። የቀረብኝ እናቴ ቤት ነው።

እናቴ መጋላ ነው የምትኖረው። እኩለ ቀን ላይ ዴቻቱን ተሻግሬ እሷ ጋ እሄድ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ውሃ ትረጫለች፣ መጋረጃውን ታወርዳለች፣ ሁለታችንም ምንጣፍ ላይ ጋደም እንላለን። ሁልጊዜ አንተኛም፣ ሁልጊዜም አናወራም። የረጨችው ውሃ እየደረቀ ሲሄድ የወለሉ ቀለም ከጥግ ጀምሮ ሲነጣ እያየሁ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ እሷ ካልታሰበ ቦታ ተነስታ አንድ ነገር ትናገራለች። ስለ አባቴ የማውቀውን አብዛኛውን የሰማሁት በዚያ ሰዓት ነው። ቡና ላይ አትነግረኝም፣ ቡና ላይ ጎረቤት አለ። ቡናም ቢሆን ግን ጨዋታው የሚመጣው በአቦልና በቶና መሃል፣ ጀበናው እንደገና እስኪፈላ በምንጠብቃት ጊዜ ነው፤ ሲኒው ተቀድቶ በእጅ ሲሆንማ ሁሉም ፉት ይላል።

ሱቁን እንደማልዘጋ ስነግራት አልተቆጣችም። «ሰዓቱ ባዶ ነው እኮ እማዬ» ስላት፣ «አሸዋውም ባዶ ይመስል ነበር» ብላ ዝም አለች።

አሸዋው የምትለው ዴቻቱን ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም። ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰውም ከብትም ያቋርጠዋል። ወንዝ መሆኑ ይረሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፣ ዝናቡ ላይኛው ደጋ ላይ ወርዶ ጎርፉ በእንቅልፍ ሰዓት ከተማ ገባ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ዳር ላይ ቤት ሠርተው የነበሩትን ማንም አይፈርድባቸውም፣ ቦታ ያጣ ሰው ወዴት ይሄዳል? እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ አሸዋውን በተሻገረች ቁጥር ቀና ብላ ወደ ተራራው ታያለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንኳ።

በሥራዬም ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። ሰው ወረቀት እንዳይበዛበት «አጠጋጊው» ይለኛል። ኅዳጉን ብነካው ግን መዝገብ ቤት ወረቀቱን በስተው ሲያስሩት ፊደሉ ይበላል፣ ስለዚህ እምቢ እላለሁ። አያቴ የተዋቸው ደብዳቤዎች አሉን፣ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ የተደረገባቸው። እነሱ ክፍተቱን ራሱን በቀለም ይጽፉት ነበር። ዛሬ ረጅሙን ቁልፍ እንጫናለን፣ ምንም አይታተምም፣ ምንም ያልጻፍን ይመስለናል። ግን «ምን አለ» እና «ምናለ» አንድ አይደሉም። አንዱ ጥያቄ ነው፣ አንዱ ምኞት። ክፍተቷ ስትሄድ አንድ ፊደልም ይዛ ትሄዳለች።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው ባለፈው ሳምንት ያጠፋሁት።

ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ተማሪዎች ወረፋ ላይ ናቸው፣ አንደኛው «አቦ ቶሎ በይልና» ይለኛል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ለቀበሌ ማመልከቻ ያጽፉኛል። ከዚህ በፊትም መጥተው ያውቃሉ። ሐዲዱ አንድ ስለነበረ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ የእነሱ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያወሩኝ እሳቸው ናቸው። አነጋገራቸውም እንደዚያው ነው። አንድ ቃል ይሉና ይቆማሉ።

«እኔና ባለቤቴ...» አሉ፣ ቆሙ።

እኔ አልቆምኩም። ይሄን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ጣቴ ያውቀዋል። «በዚሁ ቤት እየኖርን የምንገኝ ሲሆን» ብዬ ጨረስኩላቸው። ይቀጥሉ ብዬ አየኋቸው እንጂ ስክሪኑን አላየሁም። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ገና አልጨረስኩም ልጄ» አሉኝ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ማራገቢያው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተመለሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ጫፉ ብድግ ብሎ ተኛ። እንደገና ዞሮ ተመለሰ። ተማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። መሃረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉና «አርባ ዓመት ኖረንበታል» አሉ። «ከጥቅምት ወዲህ ብቻዬን ነኝ።»

የጻፍኩትን አንድ በአንድ አጠፋሁት። በአንድ ጊዜ መርጦ ማጥፋት ይቻላል፣ እንደዚያ ማድረግ ግን አልሆነልኝም። ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩት። ጠጋ ብለው አዩት፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ አንድ መስመር ዝለይልኝ» አሉኝ።

የቀበሌ ማመልከቻ ላይ ሐሳቡ ሳያልቅ መሃል ላይ መስመር አይዘለልም። ዘለልኩላቸውና ሁለት ኮፒ አተምኩ።