ማርቆስ ትበርዳለች፣ ባሕር ዳር ትሞቃለች

ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ጥናቴ ማወዳደሪያው ላይ ደርሷል። ኮምፓራቲቭና ሱፐርላቲቭ የሚሉት፤ አንዱ "ከዚያኛው ይበልጣል"፣ ሌላው "ከሁሉ ይበልጣል" ለማለት። ተማሪ እያለሁ ሰንጠረዡን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት። ለፈተና ሆነኝ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን ግን ከልቤ ልይዘው ፈልጌያለሁ። የሰው ወሬ እኮ አብዛኛው ማወዳደር ነው። ጤፉ ከአምናው ተወደደ፣ ዝናቡ ዘንድሮ በረታ፣ በዚህ በኩል መንገዱ ያቀርባል። ይህን መናገር ያልቻለ ሰው በእንግሊዝኛ ገበያ እንኳ መውጣት አይችልም።

የጥናት ጓደኛዬ ባሕር ዳር ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ማታ ማታ በቴሌግራም ድምፅ እንላላካለን። ሁለታችንም ለየከተማችን እንከራከራለን፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። አማርኛ ያስገባ ተረታ።

እሷ በ"ቢገር" ጀመረች። ባሕር ዳር ከማርቆስ ትበልጣለች፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ "ኩለር" አልኩ። ማርቆስ ከባሕር ዳር ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ የጮቄ ንፋስም ቅርባችን ነው። ወዲያው "ወርመር" ብላ መለሰችልኝ። እኔ የኮራሁበትን ብርድ እሷ ለባሕር ዳር ሙቀት ምስክር አደረገችው። በጣም ደስ አለኝ። ሰንጠረዥ ላይ ሞቶ የነበረው ቃል ክርክር ውስጥ ሲገባ ነፍስ ይዘራል።

ደንቡ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ቃሉ አጭር ከሆነ መጨረሻው ላይ "ኧር" ይጨመራል፣ ከረዘመ "ሞር" ከፊቱ ይቆማል። "ቢውቲፉል" ረጅም ነውና "ሞር ቢውቲፉል"። እንደ "ቢዚ" በ"ዋይ" ፊደል የሚያልቁት ከአጭሮቹ ጋር ይሄዳሉ፣ "ዋይ"ዋ ግን ወደ "አይ" ትለወጣለች። "ጉድ" የራሱ መንገድ አለው፤ "ቤተር"፣ "ቤስት"። ብዙ ሰው "ሞር ቤተር" ሲል እሰማለሁ። "ቤተር" ማበላለጡን ብቻውን ጨርሶታል፣ "ሞር" ምንም የቀረው ሥራ የለም። ይህን ያህል ካወቁ የቀረው ልምምድ ነው።

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው ሱፐርላቲቩ ላይ ነው። ሁለት ነገር ለማወዳደር ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። "ከሁሉ" ለማለት ግን "ሁሉ" የተባለው የት ድረስ እንደሆነ መለየት አለበት። "ጮቄ ኢዝ ዘ ሃየስት ማውንቴን" ብል ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን የት? "ኢን ጎጃም" ካልኩ እውነት ነው። "ኢን ኢትዮጵያ" ካልኩ ውሸት ነው፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር አለፍ ይላል፣ ራስ ዳሽን ግን ከ4,500 በላይ ነው። ጣናም እንደዚሁ። በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ አፍሪካ ስንል ቪክቶሪያ አለ። ያቺ ትንሿ "ኢን" ዓረፍተ ነገሩን ታቀናዋለች ወይም ታበላሸዋለች። መጻሕፍቱ ለምን አንድ መስመር ብቻ እንደሚሰጧት አይገባኝም። እኔ ብሆን ትምህርቱን ከእሷ እጀምር ነበር።

ምኑ እንደሚወዳደርም መለየት አለበት። አባይን እናንሳ። ነጭ አባይ ከእኛው ይረዝማል። ካርቱም ላይ ሲገናኙ ግን፣ በዓመት ሲታሰብ፣ ብዙውን ውሃ ይዞ የሚደርሰው ከሰከላ የተነሳው የእኛው ነው። "ዋይት ናይል ኢዝ ሎንገር፣ በት ብሉ ናይል ካሪስ ሞር ዋተር።" ይህችን ደጋግሜ በድምፅ አልኳት። አንዱ በርዝመት፣ አንዱ በውሃ፤ ማንም ማንንም አላሳነሰም። ለአክስቴ ልጅ ልኬላት እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

እሁድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፈላች። ስለ ቡናው ዓረፍተ ነገር ልሥራ ብዬ "ዘ ቤስት ኮፊ ኢን" ላይ ቆምኩ። ኢን ምን? በሰፈራችን? በማርቆስ? የጎረቤቶቻችንን ሁሉ ቡና አልቀመስኩም፤ ሳልቀምስ መፍረድ ደግሞ አልፈልግም። መጽሐፉን ሳገላብጥ እንግሊዝኛ ለዚህም መላ እንዳለው አየሁ፤ "አይ ሃቭ ኤቨር ሃድ"። እስከ ዛሬ ከጠጣሁት ሁሉ እንደማለት ነው። ወሰኑ የራሴ ዕድሜ ሆነ ማለት ነው። "ማይ ማዘርስ ኮፊ ኢዝ ዘ ቤስት ኮፊ አይ ሃቭ ኤቨር ሃድ" ብዬ ጻፍኩ፣ አንድም ቃል ሳልጠራጠር።

ማታ ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስለ አክስቴ ቡና አድርጋ መለሰችልኝ። ዛሬ ተሸናፊ የለም፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።