አጥንት ሲቆጠር፦ ሰው ወይስ የአካል ክፍል?

በመንዝ በኩል ያሉት የድንጋይ ጉብታ መቃብሮች፣ ተመራማሪዎች የሻይ ባህል የሚሏቸው (ሻይ እዚህ የባህሉ መጠሪያ እንጂ መጠጡ አይደለም፤ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን)፣ አንዳንዶቹ ብዙ ሰው የተቀበረባቸው ናቸው። አጥንቱ ተደባልቋል፤ የማን እግር ከማን ራስ ቅል ጋር እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ «ከሟቾቹ ይህን ያህሉ ታመው ነበር» የሚል ዘገባ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

የሚቆጠረው የአካል ክፍል ነው። ለምሳሌ 14 የግራና 9 የቀኝ የጭን አጥንት ላይኛ ጫፍ ቢገኝ፣ ቢያንስ 14 ሰው አለ እንጂ 23 አይባልም። ከቀኞቹ አንዱ የሕፃን ሆኖ በግራ በኩል የሕፃን ከሌለ 15 ይሆናል። ስባሪ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ያንኑ ነጥብ መርጦ መቁጠር ነው፤ ያለዚያ አንዱ አጥንት ሁለቴ ይገባል።

ከዚያ በሽታው። በዓይን ጎድጓዳ ጣሪያ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ክሪብራ ኦርቢታሊያ የሚባሉት፣ ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር ይያያዛሉ። 20 ጣሪያ ተገኝቶ 5ቱ ቀዳዳ ካላቸው የሚጻፈው «5 ከ20» ነው። ጣሪያው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፤ ያልተገኘውን «ጤነኛ» ብሎ መመዝገብ ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል። ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ ይኑር፦ አለ፣ የለም፣ አልተገኘም። ጥርስም እንዲሁ ነው። በልጅነት የደረሰ ረሃብ ወይም ሕመም በኢናሜሉ (በጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ላይ አግድም መስመር ይተዋል፤ ከወፍጮ ድንጋይ የሚቀላቀለው አሸዋ ግን ጥርሱን እየፈጨ መስመሩን ያጠፋዋል። ያረጀ ሰው ጥርስ ላይ መስመር ጠፋ ማለት ልጅነቱ ያማረ ነበር ማለት አይደለም።

ጥቁር መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አጥንቱንም አብሮ ይሰብረዋል። ስብራቱ አዲስ ከሆነ ጠርዙ ከዙሪያው ነጣ ይላል፤ የዳነ ቁስል ግን ጠርዙ ክብና ለስላሳ ነው። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ራሱ ስንጥቅ ይጨምራል፤ ጥላ ውስጥ ይሁን።

የአጥንት ነቀርሳ (ቲቢ) የታችኛውን የደረት አከርካሪ በልቶ ያጎብጣል፤ ነገር ግን ከነቀርሳ ሕሙማን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው አጥንታቸው የሚነካው። የጎበጠው ሰው ከበሽታው ጋር ረጅም ጊዜ የኖረው ነው። በወረርሽኝ በጥቂት ቀን የሞተው አጥንቱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። የገደለውን ጀርም ዲኤንኤ የምንፈልገው በሟቹ ጥርስ ውስጥ ነው፤ ለዚያ የሚላከው ጥርስ በጓንት ይነሣ፣ አይታጠብ፣ ፎቶውና መለኪያው አስቀድሞ ይያዝ፤ ላቦራቶሪው ይቦረቡረዋልና።