ሳላይ የፈረምኩባቸው 12 ሃይድራንቶች

በከተማችን የእሳት አደጋ ጣቢያ ቱቦ ጎታች ሆኜ ገብቼ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ፤ 27 ዓመት መሆኑ ነው። ስለ ቅጥሩና ስለ ሥልጠናው ብዙ የምለው የለኝም። መሰላል መውጣት፣ ቱቦ መዘርጋትና መጠቅለል፣ ፓምፕ ላይ መቆም በወራት ይለመዳል። የምጽፈው ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ሳምንት ስላኖርኩት አንድ ፊርማ ነው። ያኔ አንድ ሰው እጄን ይዞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሄደህ እየው» ቢለኝ ኖሮ!

ርክክቡ ግማሽ ቀን ፈጀ። መኪኖቹን አስነስቼ አየሁ፣ ቱቦውን አስዘርግቼ አስለካሁ፣ የእጅ ባትሪዎቹን ሳይቀር አንድ በአንድ አብርቼ አጠፋሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሃይድራንት፦ 12፣ ሁሉም የሚሠሩ» ይላል፤ ሃይድራንት የእሳት አደጋ ቱቦ ገጥመን ውሃ የምንቀዳበት፣ መንገድ ዳር የሚተከል የቧንቧ አፍ ነው። እዚያ ስደርስ ጊዜው መሽቷል። መንገድ ዳር የተተከለ ነገር የት ይሄዳል ብዬ ፈረምኩ።

አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ገበያው ውስጥ ስፖንጅና ሰልባጅ የሚሸጥበት ረድፍ ተቀጣጠለ። በፍጥነት ደረስን፤ በዚህ አላፍርም። መኪናችን የሚይዘው 4000 ሊትር ነው። ሁለት ቱቦ ከፍተህ እያንዳንዱ በደቂቃ 400 ሊትር ከረጨ፣ በእጅህ ያለው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ መርጨት ሲጀምሩ እኔ ወረቀቱ ወደሚለው ቅርብ ሃይድራንት ሮጥኩ። የለም። ባትሪ እያበራሁ አጥሩን ሥር ለሥር ፈለግሁ። የገበያው ዘበኛ ተከትሎኝ መጥቶ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሱቁ ሲሠራ ከሊሾው ሥር ቀርቷል» አለኝ። ያ ሱቅ ፈቃድ አለው። ፈቃዱን የሰጠው፣ ሃይድራንቱን «የሚሠራ» ብሎ የመዘገበው ያው የከተማ አስተዳደር ነው።

ሁለተኛው ከአስፋልቱ ማዶ ነበር፤ አገኘሁት። ክዳኑን በመዶሻ መትቼ አላቀቅሁ፣ የቱቦውን መጋጠሚያ አስጠግቼ አዞርኩ። አንድ ዙር ይነክስና ይንሸራተታል። እንደገና አዞርኩ። የሃይድራንቱ ጥርስና የቱቦአችን ጥርስ አንድ አይደሉም፤ የተገዙት በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ጨረታ ነው። መዳፌ እስኪላጥ ታገልኩ። ከኋላዬ «አለቃ፣ ውሃ አለቀ!» የሚል ድምፅ መጣ። ይህ ድምፅ ዛሬም ከእንቅልፌ ያነቃኛል።

ስፖንጅ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ስላለበት ጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ውሃ እስኪመጣ የሠራነው ሥራ ዕቃ ለማውጣት የሚጋፉ ነጋዴዎችን በደረታችን መመለስ ነበር። ሰደቡን፤ እውነታቸውን ነው። ጎህ ሊቀድ ሲል አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ቦቴ ላከልን። ሰው አልሞተም፤ ረድፉ ግን አመድ ሆነ። አንዲት እናት እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጠው፣ በር የሌለው ሱቅ ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያሻሹ ነበር። ምንም አላሉኝም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። የውሃው ክፍል ጉዳዩን ወደ መንገዱ፣ የመንገዱ ወደ ውሃው ገፋ። ከዚያ አንዱ ፋይሉን ገልጦ የእኔን ፊርማ አሳየ። የተናደድኩት በእነሱ ነው፤ መልስ ያጣሁት ግን በራሴ ነው።

ከዚያ በኋላ መመሪያ ከሚለው ውጭ የሠራሁት ብዙ ነው፤ አንዱንም አልጸጸትበትም። መመሪያው ብልሽት ሲኖር በደብዳቤ አሳውቅ ይላል። እኔ ግን የውሃ ቫልቭ የሚከፍተውን ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄጄ ተዋወቅሁት፤ በሌሊት መስመሩን ወደ ገበያው የሚያዞርልህ እሱ ነው፣ ደብዳቤው አይደለም። ምርመራ በዓመት አንዴ ይባላል። እኔ ገበያው በዕቃ ከመጨናነቁ በፊት፣ መስቀልና ገና ሲቃረቡ፣ ሁሉንም አስከፍት ነበር። ሁለቱን ጥርስ የሚያገናኘውን ነሐስ ደግሞ ግዢ እስኪፈቀድ አልጠበቅሁም፤ ቶርኖ ቤት ሄጄ በራሴ ደመወዝ አስቀረጽሁት። ደረሰኙን አንድ ኦዲተር «ያልተፈቀደ ማሻሻያ» ብሎ ጻፈበት። ይጻፍ!

በጥቅምት 2017 የመርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ቤቴ ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን አየሁ። ስለ መንገዱ ጥበት ሲነገር ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ውጡና ለበራችሁ የሚቀርበው ሃይድራንት የት እንደሆነ ፈልጉ። ዕቃ ከተደረደረበት አንሱ። አዲስ አበባ ላይ 939 መደወል ተገቢ ነው፤ የሚመጣው መኪና ግን አምስት ደቂቃ የሚበቃ ውሃ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጡረታ ስወጣ ተተኪዬ የርክክቡን ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የሃይድራንቱን መክፈቻ ሰጠሁት። ሁለት ቀን በእግራችን ዞርን። ሦስተኛው ሃይድራንት ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ዝርዝሩ አይበቃም?» አለኝ። ክፈተው አልኩት። ከፈተው፤ መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ የዝገት ውሃ ወጥቶ ጫማውን አለበሰው፣ ከዚያ ጠራ። የመጨረሻውን ዘግቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።