ፍተሻው የሚቀለው ከቤት ሲጀመር ነው

አውሮፕላን የምሳፈረው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ በመሆኑ፣ የደህንነት ፍተሻው ሰልፍ ለረጅም ጊዜ ከጉዞው ሁሉ በላይ ያስጨንቀኝ ነበር። ብዙ የሚጓዙ ሰዎች ቀለል ብሏቸው ሲያልፉ እያየሁ ቅልጥፍና የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከእጅ ፍጥነት ሳይሆን ሻንጣው ቤት ውስጥ ከተሰናዳበት መንገድ የሚመጣ መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የቅባት ቱቦ ናት። የእጅ ሻንጣዬ ከማሽኑ እንደወጣ ወደ ጎን ተለየ፤ ፈታሿ ዚፑን ከፍታ፣ ልብሶቼን አንድ በአንድ እያነሳች ከሥር የነበረውን የቆዳ ቅባት አወጣችው። ቱቦው ተጠቅልሎ ከግማሽ በታች ስለቀረው ያለ ጥያቄ ያልፋል ብዬ አምኜ ነበር። እሷ ግን የተጠቀለለውን ዘርግታ፣ ጀርባው ላይ የታተመውን 200 ሚሊ ሊትር የሚል ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። ለካ የሚታየው መያዣው የሚይዘው መጠን እንጂ ውስጡ የቀረው አይደለም።

ደንቡ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 የእንግሊዝ ፖሊስ፣ በመጠጥ ጠርሙስ ተመስሎ በሚገባ ፈሳሽ ፈንጂ አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የተጠነሰሰ ሴራ አከሸፈ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ መያዣ፣ ሁሉም በአንድነት አንድ ሊትር በምትይዝ ተከፍታ በምትዘጋ ግልጽ ከረጢት እንዲገባ በብዙ አገሮች ተደነገገ። የጥርስ ሳሙና፣ ክሬም፣ ጄልና የሚረጭ ሽቶ ሁሉ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ለጉዞው የሚያስፈልግ መድኃኒትና የሕፃን ወተት ከመጠን ገደቡ ውጭ ናቸው፤ ሆኖም ፈታሹ ፈልጎ እስኪያገኛቸው ሳይጠበቅ ቀድሞ አውጥቶ ማሳየት ይገባል። በቅርብ ዓመታት እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ሻንጣውን ከየአቅጣጫው የሚያሳዩ ማሽኖች የተከሉ አንዳንድ ኤርፖርቶች ገደቡን አላልተውታል። ይሁን እንጂ መሄጃው ላይ የተፈቀደ መመለሻው ላይ ሊከለከል ስለሚችል፣ እኔ ሁልጊዜ የምሰናዳው ጥብቅ ለሆነው ነው። የውኃ ጠርሙሴን ባዶውን ይዤ ገብቼ ከፍተሻው በኋላ እሞላዋለሁ።

ፓወር ባንክን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቦታው የእጅ ሻንጣ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ በራሱ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል፤ መንገደኞች ባሉበት ክፍል ከሆነ የበረራ አስተናጋጆች ወዲያው ይደርሱለታል፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን ማንም አይደርስበትም። የተለመደው ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ) ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ ላለው አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) በባትሪው ቮልት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። ጽሑፉ የጠፋበት አሮጌ ፓወር ባንክ ግን ሊወሰድ ስለሚችል ቤት ቢቀር ይሻላል።

ላፕቶፕ እንዲወጣ የሚጠየቀው ባትሪውና የውስጥ ክፍሎቹ በተለመደው የራጅ ምስል ላይ ከሥሩ ያለውን ስለሚጋርዱ ነው። ስለዚህ መጨረሻ የማስገባው እሱንና የፈሳሽ ከረጢቴን ነው፤ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣልና። ቁልፍ፣ ሳንቲምና ሰዓትም ሰልፍ ላይ እያለሁ ከኪሴ ወጥተው የእጅ ሻንጣው ዚፕ ውስጥ ይገባሉ። ጫማ ግን እንደየአገሩ ነው፤ አሜሪካ ለምሳሌ ለዓመታት ስታስወልቅ ቆይታ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ለአብዛኛው መንገደኛ አስቀርታዋለች። የሠራተኛውን መመሪያ ማዳመጥ ይበቃል።

ከእናቴ ጋር የተጓዝንበት ቀን ግን ከዕቃው ይልቅ ሰው እንደሚበልጥ አሳይቶኛል። ጉልበቷ ውስጥ ሰው ሠራሽ የብረት መገጣጠሚያ ስላለ፣ በብረት ጠቋሚው በር ስታልፍ ጮኸ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ምንም ጥፋት ሳይኖርባት እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ ቆመች። አስቀድመን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ያን ድንጋጤ ባልቀመሰች። በሰውነቱ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ከበሩ በፊት ለሠራተኛው መንገር አለበት፤ በእጅ መፈተሽ ካስፈለገ በተመሳሳይ ፆታ እንዲሆንና ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ እንዲከናወን መጠየቅም ነውር የለበትም። በመዳፍ ወይም በሻንጣ ላይ በቁራጭ ጨርቅ የሚደረገው ምርመራም የፈንጂ ቅሪት የሚፈለግበት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰው በዕጣ እንጂ በጥርጣሬ አይደለም።

ትራንዚት ላይ ዳግም ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል፣ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ፈሳሽ ከታሸገበት ከረጢትና ከደረሰኙ ጋር ሳይከፈት መቆየት አለበት።

ከማሽኑ ማዶ ደግሞ ሰው የሚረሳው ብዙ ነው። እኔ ያስገባሁትን ትሪ እቆጥራለሁ፤ ሦስት ከሆነ ሦስቱም እስኪወጡ አልንቀሳቀስም። ከዚያ ትሪዎቹን ይዤ ከመስመሩ ዳር ወዳለው ወንበር እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ፓስፖርቴንና የመሳፈሪያ ካርዴን ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ፣ ቀጥሎ ስልኬን፣ በመጨረሻም ተቀምጬ ቀበቶዬን አስራለሁ።