ፍቅር በኋላ ይመጣል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ዝናቡ ይሁን የአክስቴ ስልክ አላውቅም። ያው የተለመደው ነው። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ሽማግሌ ልላክ ይላል። ሌላ ምን ፈለግሽ? ፍቅሩ በኋላ ይመጣል።»

በኋላ ይመጣል። ከስንቱ ሰው ሰማሁት! ውሸት ነው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን አልችልም። አያቴን ጎጃም ውስጥ ገና ልጅ ሳለች ነው የዳሯት። የባሏን ፊት በደንብ ያየችው ከሠርጉ በኋላ ነው። እሱ ሲሞት ግን እንዴት እንደሆነች እኔ አይቻለሁ። ዛሬም ድረስ እሱ ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ሰው ሲቀመጥ ፊቷ ይለወጣል። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ልበለው?

ደግሞ የአያቴ እህት አለች። እሷንም እንደዚሁ ዳሯት። አንድ ሌሊት ኮብልላ ከተማ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። ቤታችን ውስጥ ስሟ ብዙም አይነሳም። «ፍቅር በኋላ ይመጣል» የሚሉት እሷን አይቆጥሯትም። የሚቆጥሩት የቆዩትን ነው። ከቆዩትስ ውስጥ ወዳ የቆየችውንና መሄጃ አጥታ የቆየችውን ማን ለየልን?

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲደጋገፉ፣ እንዲረዳዱ ያዛል። ለመጋባት 18 ዓመት መሙላትና የሁለቱም ነጻ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ትዋደዳላችሁ ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም። ጳውሎስ ደግሞ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ ያዛል። ይሄ ትእዛዝ ሁሌ ያስገርመኛል። ስሜት እንዴት ይታዘዛል? የሚታዘዘው የሚሠራ ነገር ነው። የታመመ ማስታመም፣ ተናዶ ክፉ ቃል አለመናገር፣ የሰውየውን ድካም ማየት። እንደዚህ ሳስበው አክስቴም እውነቷን ይሆን እላለሁ።

የድሮውን ግንኙነቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስልኩ ሲጠራ ልቤ ትዘል ነበር። ግን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ አንዴም ብቅ አላለም። ፍቅር ነበረን፤ ያስጀመረን ፍቅር አላቆየንም። በሌላ በኩል የቤት ኪራይና ልጅ ብቻ ያገናኛቸው ባልና ሚስት አውቃለሁ። አይጣሉም። አያወሩምም። እንደዚያ መኖር ያስፈራኛል፣ ከብቸኝነትም በላይ። ስለዚህ ለመቆየት ፍቅር የግድ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዚህ አልከራከርም።

ለመጀመርስ? ለመጀመር ከፍቅርም በፊት የሚያስፈልገው እምቢ ማለት መቻል ይመስለኛል። አያቴ ይሄ አልነበራትም። እኔ አለኝ። እምቢ ማለት እየቻልኩ እሺ ካልኩ፣ ከእሷ በተሻለ መሬት ላይ ነው የምጀምረው።

ግን ያኛው ሰውዬስ? እሱ እኮ ወዶኝ ነው የሚመጣው። እሱ በፍቅር፣ እኔ «ምናልባት ይመጣል» በሚል ተስፋ ብንጀምር በደል አይሆንበትም? ልንገረው እላለሁ። ብነግረውና «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» ቢለኝስ? ባይመጣ፣ የእሱን ዓመታት ማን ይመልስለታል?